በሰላ ድንጋይ ለሚደረግ የባህል ጥናት ስለሚስማማ ሌንስ አመራረጥ

ሰላ ድንጋይ በሰሜን ሸዋ፥ ከደብረ ብርሃን በስተ ሰሜን የምትገኝ ብርዷ የጸና የደጋ ከተማ ናት። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበ ወርቅ ይቀመጡባት ስለ ነበር ስሟ በሸዋ ታሪክ የታወቀ ነው። በ1841 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሐሪስ ጋራ ወደ ሸዋ የመጣው ሠዓሊ በርናትዝ የዚያን ዘመን ሰውና አገር ሥሎ ባያስቀርልን ኖሮ፥ መልካቸውን ከጽሑፍ ብቻ በገመትን ነበር። ዛሬ የሠዓሊውን ፈንታ የያዘው ካሜራ ነው። ሠዓሊው የሚያስቀረውንና የሚተወውን በዓይኑ እንደሚመርጥ፥ ካሜራውም በሌንሱ ይመርጣል፤ ስለዚህ የሌንስ ምርጫ የተመራማሪም ጉዳይ ነው።

እዚህ የምንመለከተው መደበኛ ዙም የሚባለውን ሌንስ ነው። ይኸውም ባለ ካሜራው ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ሰፊውንም ጠባቡንም እንዲያይ የሚያስችለው ነው። ሙሉ ስፋት ያለው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ ላላቸው ዲጂታል ካሜራዎች ብዙ ሰው የሚያመነታው በሁለት ዓይነቶች መካከል ነው። አንደኛው ከ24 እስከ 70 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሲሆን የብርሃን ቀዳዳው እስከ ኤፍ 2.8 ይከፈታል። ሁለተኛው ከ24 እስከ 105 ወይም 120 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሲሆን የሚከፈተው እስከ ኤፍ 4 ብቻ ነው። በ24 ሚሊ ሜትር ሁለቱም 84 ዲግሪ ያህል ስፋት ያያሉ፤ በ70 የሚታየው 34 ዲግሪ፥ በ105 ደግሞ 23 ዲግሪ ያህል ነው። ስለዚህ ሁለተኛው የሩቁን ነገር ይበልጥ ያቀርባል። ነገር ግን የኤፍ ቍጥር ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋልና፥ ኤፍ 2.8 ከኤፍ 4 እጥፍ ብርሃን ያስገባል።

ይህን ሒሳብ በውጭ አገር ስማር በቃሌ አጥንቼው ነበር፤ ትርጕሙን የተረዳሁት ግን በሰላ ድንጋይ ነው። የበግ ጠጕር አፈታተልን ለማጥናት በሄድሁ ጊዜ፥ የሚያቀርበው ይሻላል ብዬ ኤፍ 4 የሆነውን ያዝሁ። ብርሃን በበሩ ብቻ በሚገባበት የድንጋይ ቤት ውስጥ አንዲት አሮጊት ለባና የሚሆን ጥቁር ጠጕር በእንዝርት ይፈትሉ ነበር። እኔም ወደ በሩ ጠጋ ብዬ ቆምሁ። እሳቸውም «ልጄ፥ ብርሃኑን ጋረድኸኝ፤ እስቲ ወደ ውስጥ ግባልኝ» አሉኝ። ገባሁ፤ ቀዳዳውን እስከ መጨረሻው ከፍቼ በ60ኛ ሴኮንድ አነሣሁ። ማታ ምስሉን ስመለከተው ግድግዳውና ፊታቸው ጥርት ብሏል፤ ጣቶቻቸው ግን እንደ ጭጋግ ሆነዋል።

በሌንሱ ውስጥ ያለው የመንቀጥቀጥ መከላከያ የባለ ካሜራውን እጅ ያረጋጋል እንጂ የፈታይዋን እጅ አያቆምም። ኤፍ 2.8 ቢሆን ኖሮ መዝጊያውን ወደ 125ኛ ሴኮንድ ማፍጠን በተቻለ ነበር። ያለዚያ የሰሌዳውን ብርሃን የመቀበል ኃይል ማሳደግ ግድ ይሆናል፤ ያም ሲበዛ ምስሉ በነጠብጣብ ስለሚሞላ ጥቁሩ ክር ከጥላው አይለይም። በዓመቱ ስመለስ የእማማ ዓይን ደክሞ እንዝርቱን ትተውት ነበር። ጣቶቻቸው ጠጕሩን እንዴት እንደሚስቡት የሚያስረዳ ጥሩ ምስል ዛሬ የለኝም።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ ሁለተኛውን ሌንስ መናቅ አይገባም። በጥምቀት ዕለት ተመራማሪው በካህናቱ መካከል እየተጋፋ መግባት አይገባውም፤ ከሕዝቡ ጋራ ርቆ ይቆማል። በቀን ፀሓይ ኤፍ 4 ይበቃል፤ መቋሚያውንና ጸናጽሉንም በ105 ወይም በ120 ማቅረብ ይቻላል። ክብደቱም ይታሰብ፤ ለምሳሌ ኒኮን ዜድ ለሚባሉት ካሜራዎች መጀመሪያ የተሠራው ከ24 እስከ 70 የሚደርስ ባለ ኤፍ 2.8 ሌንስ 805 ግራም ሲመዝን፥ ከ24 እስከ 120 የሚደርሰው ባለ ኤፍ 4 630 ግራም ነው። ዳገት ለሚወጣ ሰው ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

ገንዘብ ላጠረው ተማሪ አነስተኛ ሰሌዳ ካለው ካሜራ ጋራ የሚሸጠው ከ18 እስከ 55 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ሌንስ ለቀን ሥራ ያገለግለዋል። ይህ በ55 ጫፉ ብዙውን ጊዜ እስከ ኤፍ 5.6 ብቻ ስለሚከፈት፥ ለቤት ውስጥ ዙም ያልሆነ ባለ 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ቢጨምርበት መልካም ነው። ኤፍ 1.8 ከኤፍ 5.6 ዐሥር እጥፍ ያህል ብርሃን ያስገባል። በማናቸውም ሌንስ ቢሆን በጠባብ ቤት ሰፊውን ጫፍ ይዞ ወደ ፊት መጠጋት አፍንጫን አግዝፎ መልክን ያዛባል፤ የሰውን መልክ ለማስቀረት ራቅ ብሎ በ70 ማንሣት ይሻላል።

እንግዲህ ከመግዛት በፊት ሁለት ነገር ይጠየቅ፤ የምሠራበት ቦታ ከሁሉ የጨለመው የቱ ነው? የማነሣውስ ነገር ሁለተኛ ይገኛልን? በዓል በየዓመቱ ይመለሳል፤ የባለ ሙያ እጅ ግን አንድ ቀን ሥራውን ያቆማል። ስለዚህ በቤት ውስጥ የሚሠራ የእጅ ሥራን ለሚያጠና ሰው፥ የሚያቀርበው ቢቀርበትም፥ ብርሃን በብዛት የሚያስገባውን እመርጥለታለሁ።