ለጫሞ ጄት ጀልባ ከመግዛታችሁ በፊት

የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። ያገለገለ ጀልባ ገዝቶ ቤተሰቡን ጫሞ ሐይቅ ላይ ሊያዝናና ያሰበ ሰው ሲያማክረኝ፣ ዋጋውን ከመስማቴ በፊት የሞተሩን ዓይነት እጠይቃለሁ። ጄት ነው ካለኝ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።

ጄት ጀልባ ከሥሩ የሚሽከረከር ፕሮፔለር የለውም። ውኃውን በሆዱ በኩል ይስብና በፓምፕ ወደ ኋላ ይተፋዋል፤ የሚሄደውም የሚዞረውም በዚያ ግፊት ነው። ኒውዚላንዳዊው ቢል ሃሚልተን በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ያዳበረው ለአገሩ ጥልቀት ለሌላቸው ወንዞች ነበር፤ በእነሱ ላይ ተወዳዳሪ የለውም። ዋናተኛ የሚቆርጥ ስለት ከውጭ ስለሌለውም ቤተሰቦች ይወዱታል። አዞ በሞላበት ጫሞ ግን ልጁን ለዋና የሚያወርድ ወላጅ ስለሌለ፣ ይህ ጥቅሙ እኛ ዘንድ አይሠራም።

ችግሩ ግን አብሮት ይመጣል። የኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ በሚገባበት፣ «የአዞ ገበያ» በምንለው አካባቢ፣ ሣርና ደለል አይጠፋም። መሳቢያው በሣር ከታፈነ ጀልባው ባለበት ይቀራል። ሌላ አገር ነጂው ውኃው ውስጥ ገብቶ በእጁ ያጸዳዋል፤ ጫሞ ላይ ይህ አይታሰብም። ስለዚህ ከላይ ተከፍቶ የሚጸዳበት ክዳን የሌለውን ጄት አትግዙ። ጎረቤቱን አባያ ሐይቅን ያቀላው ደለል ደግሞ የፓምፑን ክንፍ እንደ ሞረድ ይበላዋል። በክንፉና በቤቱ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባው ግን አይፈጥንም።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ መሪው ነው። ጄት ጀልባ ጋዝ ሲለቀቅ መሪው አይታዘዝም። ጉማሬ ድንገት ከፊት ብቅ ሲል የለማጅ እጅ ጋዙን ለቆ መሪውን ያዞራል፤ ጀልባው ግን ቀጥ ብሎ ወደ ጉማሬው ይንሸራተታል። በጄት ለመዞር ጋዝ መስጠት ያስፈልጋል፤ ይህን እጅ የሚለምደው በብዙ ልምምድ ነው።

ሻጩ ጀልባውን ተጎታች ላይ እንዳለ ሞተሩን ቢያስነሳላችሁ አትርኩ። ሐይቅ ላይ አስወርዳችሁ፣ የቤተሰባችሁን ያህል ሰው ጭናችሁ ሞክሩት። ጫሞ ከባሕር ወለል ከ1,100 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ካንዴላዎቹን አስፈትታችሁ የእያንዳንዱን ሲሊንደር ኮምፕረሽን አስለኩ፤ አንዱ ከሌሎቹ በብዙ ካነሰ ተዉት። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ የፓምፑን ዘንግ በእጅ አዙሩት፤ ከተንገራገጨ ኩሽኔቱ አልቋል።

የእኔ ምክር ግልጽ ነው፦ ለአባያም ለጫሞም ከኋላ የሚንጠለጠል ባለፕሮፔለር ሞተር ያለው ሰፊ ጀልባ ይሻላል። ሣር ሲጠመጠምበት ሞተሩን ከውኃው ታነሱታላችሁ፤ እናንተ ከጀልባው አትወርዱም። የትኛውንም ብትገዙ ግን ለእያንዳንዱ ልጅ ልኩ የሆነ የሕይወት አድን ጃኬት ሳታለብሱ ከዳር አትነሱ፤ የከሰዓቱ ነፋስ ሳይነሳም ተመለሱ።