ከመከራ በኋላ የሚገኝ ዕድገት

ተማሪዎች፣ ከዚህ ቀጥሎ የቀረበው ምንባብ ገላጭ ድርሰት ነው። አንድ ሐሳብ ምን እንደ ሆነና ምን እንዳልሆነ እንዴት ተለይቶ እንደሚብራራ ልብ ብላችሁ አንብቡ።

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስትጓዙ፣ ቡሬ ከመድረሳችሁ በፊት ፍኖተ ሰላምን ታገኛላችሁ። ስሟ ግእዝ ሲሆን ትርጉሙ «የሰላም መንገድ» ነው። ይሁን እንጂ ነሐሴ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. በከተማዋ በደረሰ ፍንዳታ ቢያንስ 26 ሰዎች እንደ ሞቱና ከ50 በላይ እንደ ቆሰሉ አንድ የከተማዋ ሆስፒታል ኃላፊ ለዜና ወኪሎች ገለጹ። በትንሽ ከተማ እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስ፣ ሐኪሙና ነርሷ የሚያክሙት ቁስለኛ ጎረቤታቸው ወይም ዘመዳቸው ሊሆን ይችላል። ከሦስት ዓመት በፊትም፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በሀገራችን የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ከተነገረ ጀምሮ፣ ብዙ የጤና ባለሙያዎች በሽታውን ወደ ቤታቸው ይዘው እንዳይገቡ ሲሠጉ ቆይተዋል።

እንዲህ ያለ መከራ አእምሮን ያቆስላል። እንቅልፍ ይነሣል፤ ያዩት ነገር ሳይጠሩት እየመጣ በፊት ይደቀናል፤ የሚወዱት ሥራ ያስፈራል። የሥነ ልቦና ሊቃውንት ግን ሌላም ነገር አስተውለዋል። አሜሪካውያኑ ሪቻርድ ቴዴስኪና ሎረንስ ካልሁን በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ባወጡት፣ 21 ነጥቦች ባሉት መለኪያ፣ ከመከራ በኋላ በአንዳንድ ሰዎች ላይ የሚታየውን መልካም ለውጥ በአምስት ከፍለውታል። እነዚህም የሕይወትን ዋጋ አብልጦ መረዳት፣ ከሰዎች ጋር መቀራረብ፣ የራስን ብርታት ማወቅ፣ አዲስ መንገድ ማየትና የመንፈሳዊ ሕይወት መጎልመስ ናቸው።

ለምሳሌ በቡሬ ገጠር የምትሠራ አንዲት አዋላጅ ነርስ እናስብ። መንገድ ተዘግቶ አምቡላንስ ባለመድረሱ አንዲት ወላድ በእጇ ላይ ሞተች እንበል። በመጀመሪያ ራሷን ትወቅሳለች። ቀናት ካለፉ በኋላ የሆነውን ሁሉ ለባልደረቦቿ ትነግራለች፤ እነርሱም ሳያቋርጡ ይሰሟታል። ከዚያ ወዲያ «ለምን ይህ ደረሰብኝ?» የሚለው ጥያቄዋ «አሁን ምን ላድርግ?» ወደሚል ይለወጣል። ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሳይደርስ ወደ እናቶች ማቆያ እንዲመጡ በየመንደሩ እየዞረች ትመክራለች። ኀዘኗ አልጠፋም፤ ዕድገቷና ኀዘኗ አብረው ይኖራሉ።

እዚህ ላይ «ከመከራ በኋላ» በሚለውና «በመከራ ምክንያት» በሚለው ሐረግ መካከል ያለውን ልዩነት አስተውሉ። የመጀመሪያው ጊዜን ያመለክታል፤ ሁለተኛው መንሥኤን። መከራ በራሱ ሰውን አያሳድግም። የተሰበረ አጥንት የሚጠናው ስለ ተሰበረ አይደለም፤ ወጌሻ አቃንቶ ስላሰረውና ጊዜ ስለ ተሰጠው ነው። አእምሮም እንዲሁ የሚያዳምጥ ሰው፣ ዕረፍት፣ ካስፈለገም የባለሙያ ሕክምና ይሻል። እንግዲህ ባለሙያውን «መከራ ያጠነክርሃል» ብሎ ብቻውን መተው ስሕተት ነው። ዕድገት ያላሳየውንም ሰው ደካማ ማለት አይገባም፤ ከቁስል ማገገም ብቻውን ትልቅ ነገር ነውና።

መልመጃ

ሀ. ቴዴስኪና ካልሁን የዘረዘሯቸው አምስት ለውጦች ምን ምን ናቸው? አዋላጇ የትኞቹን አሳየች?

ለ. «በኋላ» እና «ምክንያት» የሚሉትን ቃላት እያስገባችሁ ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ጻፉ።

ሐ. «ምክር ያልሰማ መከራ ይመክረዋል» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ሐሳብ ጋር ይስማማልን? ምክንያታችሁን በአንድ አንቀጽ አስረዱ።