ኤሲ የሚያወርደው ውሃ

ኤሲ የሚገዛ ሰው ስለ ጉልበቱ፣ ስለ መብራት ፍጆታውና ስለ ዋጋው አጥብቆ ይጠይቃል። ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ የሚጠይቅ ግን ብዙ አላየሁም። እኔ ደግሞ የኤሲ ገጣሚውን ሙያ የምለካው ውሃውን በምታወርደው ቀጭን ጎማ ነው።

ውሃው ትርፍ ነገር አይደለም። ዊሊስ ካሪየር በ1902 እ.ኤ.አ. ብሩክሊን ላለ ማተሚያ ቤት የነደፈው የመጀመሪያው ዘመናዊ ኤሲ የተፈለገው የአየሩን እርጥበት ለመቆጣጠር ነበር፤ ወረቀቱ እርጥበት ሲጠጣ እየተለጠጠ ቀለሞቹ ቦታቸውን ይስቱ ነበርና።

ጠብ ጠብ ሲል «ጋዙ ፈሰሰ» የሚሉ አሉ። ያመለጠ ጋዝ በአየር ይበተናል እንጂ ባልዲ አይሞላም። ጋዝ ሲያንስ የውስጡ ፍርግርግ በረዶ ሊይዝና ሲቀልጥ ከሥሩ ካለው የውሃ ገንዳ ሞልቶ ሊያልፍ ይችላል፤ ያም ቢሆን ውሃው የክፍሉ አየር እርጥበት ነው። እርጥበት የሞላው 30 ዲግሪ ላይ ያለ አየር በሜትር ኩብ 30 ግራም ያህል ውሃ ይሸከማል፤ 10 ዲግሪ ሲደርስ ከ10 ግራም በላይ መያዝ አይችልም፤ ቀሪው ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ እርጥበታማዋ ጅዳ ላይ ባለ 12,000 ቢቲዩ ኤሲ በሰዓት ከአንድ ሊትር በላይ ሊያወርድ ይችላል። ሪያድ ላይ ያው ማሽን በደረቅ ቀን ጠብታም ላያወጣ ይችላል። ድሬዳዋ በደረቁ ወራት የተገጠመ ኤሲም ጉድለቱ የሚታወቀው ዝናቡ ሲገባ ነው።

አሁን ወደ ጎማዋ። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው የተለመደው ኤሲ ለውሃው ፓምፕ የለውም፤ ውሃውን የሚገፋው በገንዳው ውስጥ ያለው የጥቂት ሳንቲሜትር ከፍታ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ጎማው በየሜትሩ ቢያንስ አንድ ሳንቲሜትር ዝቅ እያለ መሄድ ያለበት፤ የግድግዳው ቀዳዳም ወደ ውጭ ያዘቀዝቅ። መሐል ላይ ረግቦ ሆድ ካወጣ እዚያ ውሃ ይቋጥራል። ጫፉ ደግሞ ጀሪካን ውስጥ ከተነከረ በሁለቱ ውሃዎች መካከል ያለው አየር መውጫ ያጣል። ያን የታፈነ አየር ለመግፋት የገንዳው ውሃ አቅም የለውም፤ ሞልቶ አልጋ ላይ ይፈሳል።

ጋምቤላ አንድ ማረፊያ ውስጥ ይህን አይቻለሁ። አስተናጋጁ ልጅ «ጋሼ፣ ጋዙ ሳያልቅበት አይቀርም፤ ቴክኒሻን ተጠርቷል» አለኝ። ወጥቼ የጎማውን ጫፍ ከጀሪካኑ ውሃ በላይ አነሳሁት፤ ወዲያው ተንዶለዶለ። ጀሪካን አታስቀምጡ አልልም፤ ጫፉን አትንከሩ ነው የምለው!

ጎማውን በቀጥታ ከፍሳሽ ቧንቧ ጋር ማያያዝም የመጸዳጃን ሽታ መኝታ ቤት ይጠራል። በጎረቤት ቆርቆሮ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ማንጠባጠብ ደግሞ ነውር ነው። ውሃው አቧራና ባክቴሪያ ስለሚይዝ አይጠጣም፤ ለአትክልት ግን ይሆናል፤ የዱባዩ ሕንፃ ቡርጅ ኸሊፋ እንኳ የራሱን ሰብስቦ አትክልቱን ያጠጣበታል።

በክረምት ቤት በሚያሞቀው ሂት ፓምፕ ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ውሃ የሚያወጣው የውጭው ክፍል ነው። ኖርዌይን በመሰለ አገር ውሃው መሬት ላይ በረዶ ሆኖ ሰው ስለሚያንሸራትት ከመተላለፊያ ርቆ መውረድ አለበት።

ገጣሚው ሒሳቡን ሳይቀበል ክዳኑን ያስከፍቱትና አንድ ሊትር ውሃ ገንዳው ውስጥ ቀስ ብሎ ያፍስስ፤ እርስዎ ውጭ ቆመው ሁሉም በጎማው ጫፍ መውጣቱን ይዩ።