ጆርጅ ማለት ገበሬ ማለት ነው

ጆርጅ በእንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ዘንድ የነገሥታትና የፕሬዝዳንቶች ስም ሆኖ ይታወቃል። ፍቺው ግን «ገበሬ» ነው።

ስሙ ከጥንታዊው ግሪክኛ የተገኘ ነው። «ጌ» ምድር፣ «ኤርጎን» ደግሞ ሥራ ማለት ሲሆን፣ ከሁለቱ የተጣመረው «ጌኦርጎስ» መሬትን የሚሠራ፣ አራሽ የሚል ትርጉም አለው። ጂኦግራፊና ጂኦሎጂም የሚጀምሩት በዚሁ ምድር በሚለው ቃል ነው። ሮማዊው ባለቅኔ ቨርጂል ስለ እህል፣ ስለ ዛፍና ወይን፣ ስለ ከብት እንዲሁም ስለ ንብ የደረሰው ባለ4 ክፍል ግጥምም ስያሜውን ያገኘው ከዚሁ ቃል ነው።

በአገራችን የተለመደው ጊዮርጊስ ከጆርጅ የተለየ ስም አይደለም። እንዲያውም የእኛ አጠራር ለግሪኩ «ጌኦርጊዮስ» ይበልጥ ይቀርባል፤ እንግሊዝኛው በፈረንሳይኛ በኩል ያለፈ በመሆኑ «ገ» የነበረው ድምፅ ወደ «ጀ» ተለውጧል። «ግብርና» የሚለው ቃላችንም የወጣው «ሠራ» የሚል ፍቺ ካለው ከግእዙ «ገብረ» ነው። ግሪኮችም ሆኑ የእኛ አባቶች አራሹን የሰየሙት በሥራው ነው።

ስሙን በክርስቲያኑ ዓለም ያስፋፋው የሰማዕቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዝና ነው። በእንግሊዝ ግን ሕዝቡ ለልጆቹ በብዛት ያወጣው ከጀርመኗ ሃኖቨር የመጣው ጆርጅ 1ኛ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1714 ዙፋን ከያዘ ወዲህ ነው።

ፍቺውና ባለስሙ የገጠሙት በጆርጅ 3ኛ ነበር። ከ1760 እስከ 1820 የነገሠው ይህ ንጉሥ በዊንድሰር እርሻ ነበረው፤ ሜሪኖ የተባሉትን ባለ ለስላሳ ጸጉር በጎች ከስፔን አስመጥቷል፤ ራልፍ ሮቢንሰን በሚል የብዕር ስምም ለአንድ የግብርና መጽሔት ጽፏል። የዘመኑ የካርቱን ሠዓሊዎች «ገበሬው ጆርጅ» እያሉ ይሳለቁበት ነበር። ለስድብ ያወጡለት ቅጽል ስሙን መልሶ ከመጥራት ያለፈ አልነበረም።

የአሜሪካ የመጀመሪያ ፕሬዝዳንት ጆርጅ ዋሽንግተንም በማውንት ቨርነን ርስቱ ትምባሆን ትቶ ስንዴ የዘራ፣ ሰብል እያፈራረቀ የሞከረ ሰው ነው። ይሁንና ማሳውን የሚያርሱት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ፤ በፍቺው ከሄድን ስሙ ይበልጥ የሚገባው ለእነርሱ ነበር።

ስሙ በስፔን ሆርሄ፣ በጀርመን ዩርገን፣ በሩሲያ ደግሞ ዩሪ ይባላል። በ1961 ከሰው ልጆች ሁሉ ቀድሞ ወደ ጠፈር የወጣው ዩሪ ጋጋሪን የተወለደው በኅብረት እርሻ ይሠሩ ከነበሩ ቤተሰቦች ነው።