በደጋ አገር መብራት ሲጠፋ፤ ስለ ቤት ጄኔሬተር አያያዝ

ዛሬ የምንነጋገረው ከጎንደር ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ በዳባትና በደባርቅ፥ ከዚያም የሊማሊሞን ቁልቁለት ተወርዶ በድብ ባሕር የሚኖሩ ቤተ ሰቦች መብራት በጠፋባቸው ጊዜ ስለሚያስነሡት ትንሽ የቤንዚን ጄኔሬተር ነው።

ጄኔሬተር ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1890 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት የበራው የመጀመሪያው የኤሌክትሪክ መብራት የተገኘው በጄኔሬተር ነበር፤ ከዚያም ወዲህ ብዙ የክፍለ ሀገር ከተሞች ለረዥም ዘመን ያመሹ የነበረው በናፍጣ ሞተር ነው። ዛሬ የስሜንን ተራራ ዞሮ የሚወርደው የተከዜ ወንዝ በ2002 ዓ.ም. በተመረቀው ግድቡ 300 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የሚችሉ ተርባይኖችን ያዞራል። ነገር ግን ኃይሉ ከመነጨበት እስከ ቤታችን የሚደርሰው በተራራና በገደል ላይ በተዘረጋ ረዥም ሽቦ ስለ ሆነ፥ በክረምት መብረቅ ወይም ነፋስ አንዱን ስፍራ በመታው ጊዜ ከዚያ ወዲያ ያለው መንደር ሁሉ ይጨልማል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሐምሌ ወር ለሥራ ደባርቅ ወርጄ በአንድ ወዳጄ ቤት አደርሁ። ማታ መብራት ጠፋ፤ ዝናብም ይወርድ ነበር። ወዳጄ ጄኔሬተሩን ሌባ እንዳይወስደው፥ ዝናብም እንዳይመታው ብሎ በቤቱ መተላለፊያ ውስጥ አስነሣው። ስለ ብርዱም በርና መስኮት ተዘግቶ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ራሴን አመመኝ። ድካሙን ለመንገዱ፥ ራስ ምታቱን ለደጋው ብርድ ሰጠሁት። ኋላ ግን ትንሿ ልጅ አስመለሳት፤ እናቲቱም ከመቀመጫዋ ልትነሣ ብትሞክር ጉልበቷ ከዳት። ይህን ጊዜ ነገሩ የብርድ አለመሆኑ ገባንና ሁላችንም ወደ ዝናቡ ወጣን። እግዚአብሔር ይመስገን፥ ሁላችንም ተርፈናል። ተኝተን ቢሆን ኖሮ ግን ይህን የሚያወራላችሁ ሌላ ሰው በሆነ ነበር።

ያመመን ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዘኛ ጋዝ ነው። ከሰል በታፈነ ቤት ሲነድ ሰው የሚገድለውም ይኸው ጋዝ ነው። ቀለም የለውም፤ ሽታም የለውም። የጄኔሬተሩ ጢስ ቢሸትም የሚገድለው ክፍል አይሸትም። ወደ ሳንባ በገባ ጊዜ ከደማችን ጋር የሚጣበቅበት ኃይል ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ ይበልጣል፤ ስለዚህ ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ሰውነቱ አየር ያጣል። ምልክቱ ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። እንቅልፍ እንቅልፍም ይላል፤ ክፋቱ ይህ ነው።

በከፍታ ስፍራ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ከ2800 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የምትገኝ ስለ ሆነች አየሩ ስስ ነው። ካርቡራቶሩ ለዝቅተኛ አገር ተመጥኖ የተሠራ ሞተር እዚያ ሲነሣ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛበታል፤ ቤንዚኑም በሚገባ ሳይቃጠል ስለሚቀር መርዙ ከፍ ይላል። በዚህ ላይ ሰዎቹ ራሳቸው የሚተነፍሱት ኦክስጅን ቀድሞውኑ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ጄኔሬተር የሚነሣው በደጅ ነው። በመተላለፊያ፥ በማድ ቤት፥ በጋጣም ቢሆን አይነሣም፤ መስኮት መክፈትም አያድንም። ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር ያህል ይራቅ፤ ማርሚታው ከቤታችንም ከጎረቤታችንም መስኮት ፊቱን ያዙር። ለዝናቡ በአራት ምሰሶ ላይ ቆርቆሮ ጣል ማድረግና ዙሪያውን ክፍት መተው ነው። ለሌባው ደግሞ ጠንካራ ሰንሰለት ከምሰሶው ጋር። ይህ ሁሉ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

በጢሱ የወደቀ ሰው ቢገኝ ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ይገባል። ወተት ማጠጣትና ሎሚ ማሽተት በብዙ ሰው ዘንድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ጋዙን ከደም የሚያስለቅቀው ኦክስጅን ብቻ ነው። ራሱን ለሳተ ሰውም ምንም ነገር በአፉ አይሰጥም።

ስለ ጉልበቱም ጥቂት እንበል። አየሩ ስስ በሆነበት አገር ሞተር ይደክማል፤ በየ300 ሜትሩ ከጉልበቱ ከመቶ 3 ተኩል ያህል ይቀንሳል። ስለዚህ 2000 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ጄኔሬተር በደባርቅ ከ1350 ዋት እምብዛም አያልፍም። ያው ሞተር ወደ ድብ ባሕር ቢወርድ ይበረታል። ሻጩ አታለለኝ ብሎ ከመጣላት በፊት ይህን ማወቅ ደግ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት ያህልና ከዚያም በላይ ስለሚፈልግ በእንዲህ ያለው ጄኔሬተር እንጀራ መጋገር አይታሰብም። አምፖሎች፥ ራዲዮና ቴሌቪዥን፥ የስልክ ቻርጅ ግን በሚገባ ይችላል። ፍሪጅ ሲነሣ ብዙ ጉልበት ይስባል፤ ሳይከፈት ከቆየ አራት ሰዓት ያህል ቅዝቃዜውን ስለሚይዝ መቸኮል አያሻም። በደባርቅ ሌሊትማ ደጁ ራሱ ፍሪጅ ነው።

ሌላው ብርቱ ነገር አገናኙ ነው። አንዳንድ ሰዎች በሁለቱም ጫፉ የሚሰካ ጥርስ ያለው ገመድ አበጅተው የጄኔሬተሩን ኃይል በግድግዳው ሶኬት ወደ ቤት ያስገባሉ። ይህ የሰው ሕይወት ያጠፋል። በሠፈሩ ያለው ትራንስፎርመር 15,000 ወይም 33,000 ቮልት ተቀብሎ ወደ 220 ያወርዳል፤ ኃይሉ ከቤት ወደ ውጪ በሄደ ጊዜ ግን ያው መሣሪያ 220ውን መልሶ ወደ ሺዎቹ ያወጣዋል። በዚያች ሰዓት ምሰሶ ላይ ወጥቶ የተበጠሰውን ሽቦ የሚቀጥለው ሠራተኛ መስመሩ የሞተ መስሎት ይነካዋል። ስለዚህ ወይ አምፖሉንና ራዲዮውን በቀጥታ ከጄኔሬተሩ በሚመጣ ገመድ መጠቀም፥ ወይም ዐዋቂ ኤሌክትሪሻን ከቆጣሪው ቀጥሎ ማቀያየሪያ እንዲያስገባ ማድረግ ያስፈልጋል፤ ይኸውም የመንግሥቱ መስመርና ጄኔሬተሩ በአንድ ጊዜ ከቶ እንዳይገናኙ የሚያደርግ ነው።

ቤንዚን ሲያልቅ ሞተሩን አጥፍቶ እስኪበርድ መጠበቅ ነው። በጋለ ሞተር ላይ መቅዳት፥ ይልቁንም ኩራዝ ወይም ሻማ ይዞ መቅዳት፥ እሳት መጥራት ነው፤ ባትሪ ያብሩ። ጀሪካኑም ከሚተኙበት ቤት አይደር። ቤንዚን ብዙ ወር ሲቀመጥ ስለሚበላሽ ጄኔሬተሩ ሥራ ሲፈታ ከታንኩና ከካርቡራቶሩ ማፍሰስ ይገባል፤ አለዚያ በተፈለገበት ማታ ገመዱን ሲስቡ ማደር ይመጣል። የሞተሩን ዘይት ከማስነሣት በፊት መመልከት፥ ፊልትሮውን ከአቧራ ማጽዳት፥ ካንዴላውን በየጊዜው ፈትቶ መጥረግ። ማታ ሲያጠፉም በመጀመሪያ መብራቱንና ሌላውን ዕቃ ይንቀሉ፤ ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ባዶውን ይዙር፤ ከዚያም አጥፍተው የቤንዚኑን መዝጊያ ይዝጉ።