ድምፅ እንደ ዳታ፦ የስልክ ጥሪ በአራተኛው ትውልድ ኔትወርክ

በሁለተኛውና በሦስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርኮች የስልክ ጥሪ የሚካሄደው፣ ለሁለቱ ተነጋጋሪዎች ብቻ የተመደበ መስመር ከጥሪው መጀመሪያ እስከ ፍጻሜው ክፍት ሆኖ እንዲቆይላቸው በማድረግ ነው። ከሁለተኛው ትውልድ በሆነው በጂኤስኤም ሥርዓት አንድ የሬዲዮ ሞገድ በጊዜ ስምንት ቦታ ተሸንሽኖ እያንዳንዱ ደዋይ አንዱን ሽንሽን ይይዛል፤ ቢናገርም ዝም ቢልም ድርሻው የእርሱ ነው። አሠራሩ አባካኝ ቢሆንም፣ መስመሩን የሚሻማ ሌላ ስለሌለ ድምፁ ሁልጊዜ በሰዓቱ ይደርሳል።

እ.ኤ.አ. በ2009 መገባደጃ በስቶክሆልምና በኦስሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ የቀረበው ኤልቲኢ፣ ማለትም የአራተኛው ትውልድ ቴክኖሎጂ፣ ይህን የተመደበ መስመር ጨርሶ አስቀርቶታል። በእርሱ ውስጥ የሚያልፈው ነገር ሁሉ ፓኬት በሚባሉና የመድረሻ አድራሻቸውን በያዙ ትንንሽ የዳታ እሽጎች ተከፋፍሎ ይጓዛል። ለድምፅ የተለየ መንገድ ስላልተበጀለትም፣ ጥሪ ሲመጣ ስልኩ 4ጂውን ትቶ ወደ አሮጌው ኔትወርክ እንዲወርድ ማድረግ የመጀመሪያው መፍትሔ ሆነ። ሲደወል በስልኩ ማያ ላይ የ4ጂ ምልክት ጠፍቶ የ3ጂ ምልክት የሚተካው፣ ጥሪው እስኪገናኝም ጥቂት ሴኮንዶች የሚወስደው በዚህ ምክንያት ነው።

ዘላቂው መፍትሔ እ.ኤ.አ. በ2012 በደቡብ ኮሪያና በአሜሪካ አገልግሎት ላይ የዋለው ቮልቲኢ፣ ይኸውም በኤልቲኢ ላይ የሚተላለፍ ድምፅ ነው። ደዋዩ ቁጥሩን ሲነካ ስልኩ ለኔትወርኩ የጥሪ ማዕከል የግብዣ መልእክት ይልካል፤ ሁለቱ ስልኮች በድምፁ አጨማመቅ ከተስማሙ በኋላ ንግግሩ ይጀመራል። ከዚያ ወዲህ ድምፁ በሴኮንድ 16,000 ጊዜ እየተለካ ወደ ቁጥር ይለወጣል፤ ቁጥሮቹም በየ20 ሚሊ ሴኮንዱ እየተቆረጡና እየተጨመቁ በሴኮንድ 50 ፓኬት ይሆናሉ። በተለመደው አጨማመቅ የአንዱ ቁራጭ ይዘት 32 ባይት ገደማ ሲሆን፣ አድራሻውንና የቅደም ተከተል ቁጥሩን የያዘው ራስጌ ግን በአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት 60 ባይት ይደርሳል፤ ከደብዳቤው ይልቅ ፖስታው ከብዷል ማለት ነው። አብዛኛው የራስጌ መረጃ ከፓኬት ፓኬት ስለማይለወጥ፣ ስልኩና የማስተላለፊያ ጣቢያው አንድ ጊዜ ተዋውቀውት ከዚያ በኋላ የሚለዋወጠውን ጥቂት ባይት ብቻ ይላላካሉ። ተናጋሪው ዝም ሲልም የፓኬቱ ጎርፍ ይቆማል፤ ተቀባዩ ስልክ በበኩሉ መስመሩ የተቋረጠ እንዳይመስል፣ በየ160 ሚሊ ሴኮንዱ በሚደርሰው ትንሽ መግለጫ መሠረት ለስለስ ያለ የአካባቢ ሹክሹክታ ራሱ ፈጥሮ ያሰማል።

የዚህ ሁሉ ሥራ እውነተኛ ፈተና ፍጥነት ሳይሆን ሰዓት ማክበር ነው። ፋይል ሲወርድ የጠፋ ፓኬት እንደገና ይላካል፤ በንግግር ውስጥ ግን ዘግይቶ የደረሰ ቃል ከጠፋ ቃል አይሻልም። ስለዚህ ኔትወርኩ የድምፅ ፓኬቶችን ከቪዲዮውና ከድረ ገጹ ለይቶ ለጥሪው የተወሰነ የማስተላለፊያ አቅም ይጠብቅለታል፤ መዘግየታቸው በኔትወርኩ ውስጥ ከ100 ሚሊ ሴኮንድ፣ ብክነታቸውም ከመቶ አንድ እንዳያልፍ ተደርጎ ይነደፋል። በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ የሚደረግ ጥሪም በፓኬት የሚጓዝ ቢሆንም፣ ይህን ዓይነት ዋስትና ስለሌለው ጣቢያው በተጨናነቀ ቁጥር ድምፁ ይቆራረጣል። በቮልቲኢም ቢሆን ፓኬቶች እኩል ተራርቀው ስለማይደርሱ፣ ተቀባዩ ስልክ ለጥቂት አፍታ አቆይቶ በቅደም ተከተል ያሰልፋቸዋል። ቆይታው ሲበዛ ግን ተነጋጋሪዎች አንዱ የሌላውን ንግግር ማቋረጥ ይጀምራሉ፤ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ከአፍ እስከ ጆሮ ያለው መዘግየት ከ150 ሚሊ ሴኮንድ እንዳይበልጥ የሚመክረው ለዚህ ነው።

ለዚህ ሁሉ ድካም ትልቁ ካሳ የድምፁ ጥራት ነው። የአሮጌው ስልክ ድምፅ ከ300 እስከ 3,400 ሄርዝ ባለው ጠባብ ክልል ተወስኖ ሲቆይ፣ የ«ሰ» ፉጨት ጉልበት በአብዛኛው ከዚያ በላይ ስለሚገኝ፣ «ሠራ» እና «ፈራ» በጆሮ ሊምታቱ ይችላሉ። ቮልቲኢ ክልሉን ከ50 እስከ 7,000 ሄርዝ ስላሰፋው ልዩነቱ ጎልቶ ይሰማል፤ ይህም የመስማት ችሎታቸው ለደከመ አዛውንቶች ቀላል ነገር አይደለም።

ተናጋሪው የ4ጂ ሽፋን ካለበት ወደሌለበት ሲጓዝ፣ ኔትወርኩ ጥሪውን ሳያቋርጥ ወደ አሮጌው መስመር ያሻግረዋል። ይህ መሸጋገሪያ የሚሠራው ግን አሮጌው ኔትወርክ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። በአሜሪካ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2022 የ3ጂ ኔትወርካቸውን ሲዘጉ፣ ቮልቲኢን የማይደግፉ በርካታ ስልኮች መደወል አቅቷቸው በአዲስ መተካት ነበረባቸው።