ልጆቿን በአፏ የምታሳድገው ቆሮሶ

ዐቢይ ጾም ሲገባ መርካቶ ውስጥ ዓሣ የሚሸጥበት ቦታ ሁሉ ይጨናነቃል። ሰው ደጋግሞ የሚጠይቀው ደግሞ ቆሮሶን ነው፤ ከባቱ፣ ከሐዋሳ፣ ከጫሞና ከጣና የሚመጣውን ጠፍጣፋ ዓሣ። ጀርባው እሾሃም ነው፣ ጅራቱ ላይ ቀጥ ቀጥ ያሉ ጭረቶች አሉት፣ ሥጋው ነጭ ነው። ይህን ሁሉም ያውቀዋል።

ብዙዎች የማያውቁት የቆሮሶን እናትነት ነው። «ዓሣ ልጁን አያውቅም፣ እንቁላሉን ጥሎ ይሄዳል» ሲባል ስሰማ ዝም ማለት አልችልም። ስለ አምባዛ ከሆነ ትክክል ነው፤ አምባዛ ውኃ በሸፈነው ሣር ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል በትኖ ይሄዳል። ቆሮሶ ግን ሌላ ናት።

ወንዱ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ መሬቱን በአፉ እየቆፈረ ክብ ጎጆ ያዘጋጃል። ሴቷ ገብታ እንቁላል ትጥላለች፣ እሱ የዘር ፈሳሹን ይለቃል፣ እሷም ወዲያው እንቁላሎቹን በአፏ ለቅማ ትወጣለች። እሱ እዚያው ሌላ ሴት ይጠብቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ድካም ሁሉ የእሷ ነው።

እንቁላሎቹ ቢጫ ናቸው፤ የአንዱ ርዝመት ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። እናቲቱ መንጋጋዋን እያንቀሳቀሰች፣ እህል በሰፌድ እንደሚበጠር፣ ሳታቋርጥ ታገላብጣቸዋለች። በአፏ ገብቶ በስንጥቧ በኩል የሚወጣው ውኃ ኦክስጅን ያደርስላቸዋል። አንድ ቦታ ተከማችተው ቢቀመጡ ታፍነው ይበላሻሉ። ዓሣ አርቢዎችም ከእናቲቱ አፍ የሰበሰቡትን እንቁላል ውኃ ከታች ወደ ላይ በሚፈስበት ዕቃ ውስጥ የሚያስፈለፍሉት ለዚህ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ እሷ ምግብ የምትቀምሰው ከስንት አንዴ ነው። ጫጩቶቹ በቀናት ውስጥ ቢፈለፈሉም አስኳላቸውን እስኪጨርሱ ከአፏ አይወጡም። መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ዘለው ይገባሉ።

አንድ ጊዜ መርካቶ ውስጥ ዓሣ የሚያጸዳ ወጣት የአንዷን ጭንቅላት ሲከፍት ስንጥቧ ሥር የተጣበቁ ቢጫ ፍሬዎች አገኘ። «እትዬ፣ የሌላ ዓሣ እንቁላል ስትበላ ነው የተያዘችው» አላት ለገዢዋ። ሆዷን እንዲከፍትልኝ ለመንኩት። ጨጓራዋ ባዶ ነበር። «የራሷ ናቸዋ!» አለ፣ ቢላዋውን አስቀምጦ። በእሱ አልፈርድም፤ መረብ ውስጥ ስትንፈራገጥ አብዛኛውን ጊዜ ስለምትተፋቸው ገበያ የምትደርሰው አፏ ባዶ ሆኖ ነው።

ዓሦች ዘራቸውን የሚተኩበት መንገድ የተለያየ ነው፤ ፀሐይ በማይደርስበት ጥልቅ ባሕር ለምሳሌ ተጓዳኝ ማግኘት ራሱ ብርቅ ነው። መብራት መሰል ማጥመጃ ከራሳቸው በላይ ካንጠለጠሉት ዓሦች መካከል በአንዳንዶቹ ዘንድ ትንሹ ወንድ ሴቷን ነክሶ ይጣበቃል፣ ሥጋቸው ይዋሃዳል፣ በእሷ ደም ይኖራል። የእንግሊዙ ተመራማሪ ቻርልስ ቴት ሪጋን ይህን ያስረዳው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። ነገር ግን እነዚያም ቢሆኑ እንቁላላቸውን ለውኃው ይለቃሉ። እንደ ቆሮሶ ተርቦ መንከባከብ በእነሱ ዘንድ የለም።

እንክብካቤው ግን ዋጋ አለው። አፍ የሚይዘው ውስን ስለሆነ ቆሮሶ በአንድ ጊዜ የምትታቀፈው በመቶዎች፣ ትልቋ ብትሆን ከሺህ ያለፈ ነው። ስለዚህ «ትንንሹን ስጠኝ፣ ሥጋው ለስላሳ ነው» የሚሉ ገዢዎችን እባካችሁ ተዉ እላለሁ፤ ያ ትንሽ ዓሣ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይወልድ የተያዘ ሊሆን ይችላል። ነጋዴውም የሚያመጣው የተጠየቀውን ነው፣ አስጋሪውም መረቡን የሚመርጠው በዚያው ልክ ነው። ጎጆውም ጫጩቶቹም ያሉት ከሐይቁ ዳር፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ስለሆነ፣ እዚያ የሚጎተት ዓይኑ ጠባብ የሆነ መረብ እናቲቱን ከነልጆቿ ያወጣል፣ ጎጆውንም ይደመስሳል።